ለውጥ ከማወጃችሁ በፊት ማንን፣ እንዴት ታናግራላችሁ? የሰባት መንገዶች ንጽጽር

ሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት ነው። የፋብሪካው በር ተከፍቷል። ማሽኑ ሞቋል። ሠራተኛው ግን የለም። ከሚጠበቁት 60 ሰዎች የመጡት 20 እንኳ አይሞሉም።

ይህ የሆነው ከገላን ትንሽ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ፋብሪካ ነው። እኔ ያኔ የሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል ውስጥ ነበርኩ። የጠዋቱን ፈረቃ ከ2 ሰዓት ወደ 1 ሰዓት ያመጣነው እኛ ነን። ሳናሳውቅም አይደለም። ሐሙስ ዕለት ሠራተኛውን በሙሉ ምግብ አዳራሹ ውስጥ ሰብስበን አስረድተናል። «ጥያቄ ያለው?» ብለናል። ማንም እጁን አላወጣም። አንዱ ማጨብጨብ ሲጀምር ሌላውም ተከተለ። እኛም «ሠራተኛው ተስማምቷል» ብለን ቃለ ጉባኤ ያዝን።

ረፋዱ ላይ የሰርቪሱን ሾፌር ፍለጋ ወጣሁ። በሩ አጠገብ ካለችው ጀበና ቡና ዱካ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። ለምን እንዳረፈዱ ስጠይቃቸው አልተቆጡም። ሲኒያቸውን አስቀምጠው ወደ መኪናው ሄዱ። ከፀሐይ መከላከያው ሥር የታጠፈ ወረቀት መዘው አመጡልኝ። ከደብተር የተቀደደ ነው። በእስክሪብቶ ሰዓት ተጽፎበታል፦ 12፡20፣ 12፡35፣ 12፡50፣ 1፡05። የመጨረሻው መስመር «ት/ቤት 1፡20» ይላል። ለካ የኛን ሠራተኛ ከመጫናቸው በፊት የቱሉ ዲምቱን ተማሪዎች ያደርሳሉ። ውሉ የዓመት ነው።

«ልጄ፣ ብትጠይቂኝ ኖሮ እነግርሽ ነበር» አሉኝ።

ስብሰባው ላይ አልነበሩም። መኪናው የኪራይ ስለሆነ የኛ ሠራተኛ አይደሉም። ማንም «ጉዳዩ ይመለከታቸዋል» ብሎ አላሰባቸውም። ሌላም ያላሰብነው ነበር። ከኮዬ ፈጬ የሚመጡት ሴቶች ልጆቻቸውን የሚያስቀምጡላቸው ጎረቤት ከ1፡30 በፊት አትቀበልም። ይህን ሁሉ ሐሙስ ዕለት አዳራሹ ውስጥ የሚያውቅ ሰው ነበር። ግን አልተናገረም።

ከዚያ ወዲህ በሌሎች መሥሪያ ቤቶችም፣ በምኖርበት ሰፈር እድር ውስጥም የለውጥ ሥራ ላይ ቆይቻለሁ። ሥራ አስኪያጆች፣ ርዕሰ መምህራን፣ የማኅበር ሰብሳቢዎች የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ስብሰባ ልጥራ? ኮሚቴ ላቋቁም? ወይስ ማስታወቂያ ልለጥፍ?» መልሱ እንደየሁኔታው ይለያያል። ስለዚህ ሰባቱን መንገዶች ጎን ለጎን አስቀምጬ ላሳያችሁ።

መጀመሪያ፦ ምኑ ገና አልተወሰነም?

መንገድ ከመምረጣችሁ በፊት አንድ ነገር ለራሳችሁ በግልጽ መልሱ። ሰዎቹ የሚሉት ነገር ምን ሊቀይር ይችላል?

ዓለም አቀፉ የሕዝብ ተሳትፎ ማኅበር ተሳትፎን በ5 ደረጃ ይከፍለዋል። ማሳወቅ፣ ማማከር፣ ማሳተፍ፣ አብሮ መሥራት፣ በመጨረሻም ውሳኔውን ለሰዎቹ መስጠት። ከፍ ያለው ደረጃ ሁልጊዜ ይሻላል ማለት አይደለም። እያንዳንዱ ደረጃ የራሱ ቃል ኪዳን አለው፤ ጥፋቱ የማይጠብቁትን ቃል መግባት ነው። ውሳኔው አልቆ ከሆነ «ወስነናል፤ ምክንያቱ ይህ ነው፤ አፈጻጸሙ ላይ ግን እንነጋገር» ማለት ሰው ያከብራል። አልቆ ሳለ «አስተያየታችሁን ስጡ» ማለት ግን ሰውን መናቅ ነው። ሰውም ያውቃል። በሚቀጥለው ጊዜ የልቡን አይነግራችሁም።

በኛ ፋብሪካ 1 ሰዓት መግባቱ ተወስኖ ነበር። ማን ይግባ፣ በምን ይምጣ፣ ከመቼ ይጀመር የሚለው ግን ገና ክፍት ነበር። መጠየቅ የነበረብን እሱን ነው።

መመዘኛዎቹ

እኔ የምመዝነው በአምስት ነገር ነው።

እውነቱ ይወጣል ወይ? ሰው የሚናገረው ከአንገት በላይ ነው ወይስ ከልቡ? ለኔ ትልቁ መመዘኛ ይህ ነው።

ስንት ሰው ይደርሳል? የማታ ፈረቃው፣ የጥበቃው፣ የኮንትራቱ ሠራተኛ ይካተታል?

ምን ያህል የሥራ ሰዓት ይበላል? ብዙዎቻችን ስብሰባ ነፃ ይመስለናል። አይደለም። 200 ሰው ለአንድ ሰዓት ተኩል ማስቀመጥ 300 የሥራ ሰዓት ነው። በ8 ሰዓት ብታካፍሉት የአንድ ሰው ከ37 ቀን በላይ ሥራ ይሆናል።

በሁሉም ሰው ቋንቋ ይሠራል? አዲስ አበባ ዳር ያሉ መሥሪያ ቤቶች ውስጥ አማርኛ የሁሉም አፍ መፍቻ አይደለም። አፋን ኦሮሞ ተናጋሪው ብዙ ነው። ከወላይታ፣ ከጋሞ፣ ከሐዲያ የመጡ ወጣቶችም አሉ። ማንበብ የሚከብደውም አለ።

በመጨረሻ፣ የሚሠራበት ነገር ይገኝበታል? «ደስ አላለንም» የሚል ስሜት ብቻ ሳይሆን፣ እንደ ሾፌሩ ወረቀት ያለ ተጨባጭ መረጃ።

ማንን? ሁለት ዓይነት ካርታ

«ባለድርሻ አካላት» የሚለው ቃል በየሪፖርቱ ስለሚደጋገም ሰው ሲሰማው ያልፈዋል። ትርጉሙ ግን ቀላል ነው። ለውጡ የሚነካው ወይም ለውጡን ሊነካ የሚችል ማንኛውም ሰው ነው። ስማቸውን ለመዘርዘር በብዛት የሚሠራባቸው ሁለት ካርታዎች አሉ።

አንደኛው ሥልጣንና ፍላጎትን የሚያነጻጽረው ባለ አራት ሳጥን ነው። መነሻው ሜንዴሎው የተባለ ተመራማሪ ሥራ ነው ይባላል። ሥልጣንም ፍላጎትም ያለውን በቅርብ ትይዛላችሁ። ሥልጣን ኖሮት ጉዳዩ ብዙ የማያሳስበውን ቅር እንዳይለው ታደርጋላችሁ። ፍላጎት ኖሮት ሥልጣን የሌለውን ታሳውቃላችሁ። ሁለቱም የሌለውን በሩቁ ትከታተላላችሁ። ለመሥራት 20 ደቂቃ ይበቃል። ሥራ አስኪያጅ ፊት ለማቅረብም ግልጽ ነው።

ችግሩ ሥልጣንን በወንበር እንድንለካ መገፋፋቱ ነው። የሰርቪስ ሾፌር በዚህ ካርታ የት ይገባል? «በሩቁ መከታተል» የሚለው ሳጥን ውስጥ ነው። እሳቸው ግን ብቻቸውን ፈረቃውን አስቁመዋል፤ ያውም ሳያስቡት።

ሁለተኛው ሚቼል፣ ኤግልና ዉድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ያቀረቡት ነው። ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ይህ ሰው ኃይል አለው? ጥያቄው ተገቢ ነው? ጉዳዩ ለሱ አጣዳፊ ነው? ሦስቱም ያሉት ሰው መጀመሪያ ይሰማል። ይህኛው ትንሽ ጊዜ ይወስዳል፤ ግን የተረሳውን ሰው ያወጣል። ሕፃን ይዛ የምትሠራዋ እናት ኃይል ላይኖራት ይችላል። ጥያቄዋ ተገቢ ነው፤ ለሷም አጣዳፊ ነው። እዚህ ካርታ ላይ ትታያለች። በመጀመሪያው ላይ ግን ትደበዝዛለች።

እኔ የምመክረው ይህ ነው። መሥሪያ ቤታችሁ ከ20 ሰው በታች ከሆነ ካርታ አያስፈልግም፤ ስም ጻፉ። ከዚያ በላይ ከሆነ በመጀመሪያው ጀምሩና በሁለተኛው አጣሩት። በየስሙ አጠገብም ይህን ጻፉ፦ «ይህ ሰው ከነገ ጀምሮ ምን ያጣል?» ገንዘብ ብቻ አይደለም። እንቅልፍ ሊሆን ይችላል። የለመደው ወንበር፣ የቀን ቡናው፣ በሥራው የነበረው ክብርም ሊሆን ይችላል። መልሱን ካላወቃችሁት ያንን ሰው ገና አላናገራችሁትም ማለት ነው።

ከግቢ ውጭ ያሉትንም አትርሱ። ዳር ላይ ያለ ድርጅት ከሱ በፊት እዚያ የኖረ ጎረቤት አለው። መኪና የሚያልፍበት ሰዓት፣ ውኃ፣ ቆሻሻ የሚወጣበት ቦታ ሲቀየር ቀድሞ የሚሰማው እሱ ነው።

ሰባቱ መንገዶች

*ጠቅላላ ስብሰባ።* ከማታ ፈረቃው በቀር ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይደርሳል። ወሬ ከመቅደሙ በፊት አንድ ቃል ለሁሉም ያደርሳል። ለዚህ የሚተካው የለም። እውነት ለማውጣት ግን ከሰባቱ ሁሉ ደካማው ነው። አለቃው፣ የአለቃው አለቃና የሥራ ባልደረባው በተቀመጡበት «እኔ ልጅ የማስቀምጥበት የለኝም» ብሎ መነሳት ለማን ይቀላል? ሰው ዝም ይላል። ከበር ሲወጣ ይናገራል። ስብሰባ ላይ ዝም ያለ ሰው ተስማማ ብላችሁ አትጻፉ። ከሌሎቹ መንገዶች በኋላ፣ የሰማችሁትን ለመመለስ ስትጠቀሙበት ግን ስብሰባ ሌላ ነገር ይሆናል። ያኔ ሰው ራሱ ያነሳው ችግር ከመድረኩ ሲነገር ይሰማል።

*ማስታወቂያና ቴሌግራም ግሩፕ።* ርካሽና ፈጣን ነው። ለማሳወቅ ብቻ ተጠቀሙበት። በሁለት ቋንቋ ይለጠፍ፤ ማታ የሚገባውም በሚያየው ቦታ ይሁን። በቴሌግራም ሐሳብ አትሰብስቡ። መጀመሪያ የተናገረው ሌላውን ይስበዋል፤ ስልክ የሌለውም ከጨዋታው ይወጣል።

*አንድ ለአንድ።* አንድ ሰው፣ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል በሱ ቦታ። ቢሮ ጠርታችሁ ካናገራችሁት የቢሮ መልስ ይሰጣችኋል። መጋዘኑ አጠገብ ወይ ቡና ላይ ካናገራችሁት የልቡን ይነግራችኋል። 25 ሰው ብትመርጡ የናንተንም ሰዓት ጨምሮ 25 የሥራ ሰዓት ነው። ከአንድ ጠቅላላ ስብሰባ በ12 እጥፍ ይረክሳል። ሁሉን አይደርስም፤ ስለዚህ ማን እንደሚመረጥ ወሳኝ ነው። አለቆችን ብቻ አትምረጡ። ሰው ምክር የሚጠይቀው ማንን ነው? ብድር ሲቸግረው፣ ሐዘን ሲደርስበት ወደ ማን ይሄዳል? እነዚያን ያዙ። በየመሥሪያ ቤቱ ማዕረግ ሳይኖራቸው «እስቲ እሳቸው ምን ይላሉ?» የሚባሉ ሰዎች አሉ። እነሱ ያልገባቸው ለውጥ አይራመድም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሰው ለብቻው የነገራችሁን በስሙ አታውሩ። አንዴ ካወራችሁ ይህ መንገድ ለዓመታት ይዘጋባችኋል።

*ትንሽ ቡድን።* ሰባቱን በመመዘኛዎቹ ስመዝን ለብዙ መሥሪያ ቤት የሚበልጠው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከርት ሌዊን የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ ውስጥ አንድ ጥናት አድርጎ ነበር። የሚፈለገው የቤት እመቤቶች ልብ፣ ኩላሊትና ሌላም ያልለመዱትን የሥጋ ዓይነት እንዲያበስሉ ነው። ለገሚሶቹ ጥሩ ንግግር ተደረገላቸው። ገሚሶቹ በትንሽ ቡድን ሆነው ራሳቸው ተወያዩበት፤ በመጨረሻም ማን ሊሞክር እንዳሰበ እጅ አወጡ። በኋላ ሲጠየቁ ንግግር ከሰሙት መካከል ያበሰሉት 3 ከመቶ ነበሩ። ከተወያዩት 32 ከመቶ አብስለዋል። ጉዳዩ አንድ ነው፤ የተለየው መንገዱ ነው።

እኛም ከዚያ ሰኞ በኋላ ፈረቃውን ወደነበረበት መለስንና በትንሽ ቡድን ተቀመጥን። ከ8 እስከ 12 ሰው፣ አንድ ሰዓት፣ በሥራ ሰዓት ውስጥ። የምሳ ሰዓታቸውን አልነካንም። የቅርብ አለቃቸው አይገባም። የማታዎቹን በማታ አገኘናቸው። ጥያቄውንም ቀየርነው። «ትስማማላችሁ?» አላልንም። «ይህ ነገር ሰኞ ቢጀመር መጀመሪያ የሚቸግራችሁ ምንድነው?» አልን። የተናገሩትን በትልቅ ወረቀት ላይ በራሳቸው ቃል፣ እያዩ ጻፍነው።

አንዱ ቡድን ውስጥ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ነበሩ። 40 ደቂቃ ያህል አልተናገሩም። ነጠላቸውን እያጣጠፉ፣ እየፈቱ ቆዩ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ማሽኑ 1 ሰዓት ከተነሳ ወለሉ ከዚያ በፊት መጽዳት አለበት። እኔ እንግዲህ 12 ሰዓት ልግባ ነው?» አሉ። ክፍሉ ጸጥ አለ። የፈረቃውን ሠንጠረዥ የሠራሁት እኔ ነኝ። ጽዳት የሚለው ቃል እሱ ላይ አልነበረም።

ድካሙ ብዙ ነው። 200 ሰው በ20 ቡድን ከአወያዩ ጋር 220 የሥራ ሰዓት ይወስዳል። ግን ከጠቅላላ ስብሰባው ያንሳል። ሥራውንም በአንድ ጊዜ አያስቆምም፤ በየተራ ነውና። ጥሩ አወያይ ማግኘት ከባድ ነው። ብዙ የሚያዳምጥ፣ ቶሎ የማይከራከር ሰው ፈልጉ። የቡድኑን ቋንቋም ይቻል።

*የተወካዮች ኮሚቴ።* ለውጡ ወራት የሚወስድ ከሆነ ያስፈልጋችኋል። ሰባት ሰው ሁለት ሁለት ሰዓት አራት ጊዜ ቢቀመጥ 56 የሥራ ሰዓት ነው። ግን ተወካዩን ማን መረጠው? አስተዳደሩ ከመረጠው ሠራተኛው የአስተዳደሩ ሰው ይለዋል። ሠራተኛው ይምረጥ። ሴቶች፣ ማታ የሚሠሩና አዲስ የገቡ ይኑሩበት።

ኮክና ፍሬንች እ.ኤ.አ. በ1948 ያሳተሙት ጥናት እዚህ ላይ ይጠቅማል። በአሜሪካ ቨርጂኒያ አንድ የፒጃማ ፋብሪካ ውስጥ የአሠራር ለውጥ ተደረገ። ለአንዱ ቡድን ተነገረው ብቻ። አንዱ በተወካዮቹ በኩል ተሳተፈ። በሌሎቹ ሁለት ቡድኖች ሁሉም ሰው ተሳተፈ። የተነገረው ቡድን ምርት ወረደ፤ በ40 ቀን ውስጥ 17 ከመቶው ሥራ ለቀቀ። ከሌሎቹ የለቀቀ የለም። በተወካይ የተሳተፈው ቡድን ወደ ቀድሞ ምርቱ ተመለሰ፤ ሁሉም የተሳተፉት ግን ቀድመውት ተመለሱ። እንግዲህ ኮሚቴ ከምንም ይሻላል። ትንሽ ቡድንን ግን አይተካም።

የሠራተኛ ማኅበር ካለ ሌላ ነገር አለ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት 10 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ማኅበር ሊቋቋም ይችላል። ማኅበሩና ከአሠሪው ጋር የተፈራረመው ኅብረት ስምምነት ካሉ በነሱ ማለፍ ግድ ነው። አዲስ ኮሚቴ አቋቁማችሁ ማኅበሩን ዳር አታውጡት። ያ ጠብ መግዛት ነው።

*መጠይቅና የሐሳብ ሳጥን።* ብዙ ሰው ላይ ያለን ነገር ለመቁጠር ይረዳል። ስንት ሰው በታክሲ ይመጣል? ስንት ሰው ትንሽ ልጅ አለው? ለዚህ ጥሩ ነው። «ለምን?» ለሚለው አይሆንም። ሳጥኑን አለቃው ቢሮ በር ላይ ከሰቀላችሁት ባዶውን ይከርማል።

*ሙከራ።* በአንድ ክፍል፣ በፈቃደኞች፣ ለሁለት ሳምንት። የተናገሩትም ያልተናገሩትም ችግር እዚህ ላይ ይወጣል። ካይዘን የሚባለው የጃፓኖች አሠራርን ደረጃ በደረጃ የማሻሻል ዘዴ ራሱ ወደ አገራችን የገባው በዚህ መንገድ ነው። በጃፓን ድጋፍ መጀመሪያ 30 ድርጅቶች ላይ ተሞከረ። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት የተቋቋመው ከሙከራው በኋላ፣ በ2004 ዓ.ም. ነው። ሙከራ ትርጉም የሚኖረው ግን «ካልሠራ እንተወዋለን» ማለት ከቻላችሁ ብቻ ነው። የመጀመሪያ ፈቃደኞችን ምስጋና አትንፈጓቸው። ሌላው ሠራተኛ ከናንተ ይልቅ እነሱን ነው የሚጠይቀው።

ባጭሩ

ሰዓቱ የተሰላው ለ200 ሠራተኛ ነው። የራሳችሁን ቁጥር አስገቡበት።

| መንገድ | እውነቱ ይወጣል? | ስንት ሰው ይደርሳል? | የሥራ ሰዓት | ቋንቋና ንባብ | የሚሆነው ለምን ነው? |
|---|---|---|---|---|---|
| ጠቅላላ ስብሰባ | በጣም ጥቂት | ሁሉም፣ ከማታ ፈረቃ በቀር | 300 | አስተርጓሚ ይፈልጋል | ውሳኔ ለመንገር፣ መልስ ለመመለስ |
| ማስታወቂያ፣ ቴሌግራም | አይወጣም | የሚያነብ ሁሉ | 4 ገደማ | ደካማ | ቀንና ሰዓት ለማሳወቅ |
| አንድ ለአንድ | በጣም | 25 ሰው | 25 | በጣም ጥሩ | የተደበቀ ችግር ለማግኘት |
| ትንሽ ቡድን | ብዙ | ሁሉም | 220 | ጥሩ | አፈጻጸሙን አብሮ ለመቅረጽ |
| ኮሚቴ | መካከለኛ | በተወካይ | 56 | መካከለኛ | ረዘም ላለ ለውጥ |
| መጠይቅ | መካከለኛ | ብዙ | 50 ገደማ | ደካማ | ለመቁጠር |
| ሙከራ | በጣም | አንድ ክፍል | እንደ ሥራው | በጣም ጥሩ | ማሽን፣ ፈረቃ፣ አሠራር ሲቀየር |

ለናንተ የትኛው?

*ትንሽ መሥሪያ ቤት፣ ምንም በጀት የሌለው።* ጋራዥ፣ ክሊኒክ፣ መዋዕለ ሕፃናት። ሁሉንም ለየብቻ አናግሩ፤ ከዚያ አንድ ላይ ተቀመጡ። ወጪው ቡና ነው። መጠይቅም ኮሚቴም አያስፈልግም።

*ከ50 እስከ 300 ሰው፣ በፈረቃ የሚሠራ።* አቃቂ ቃሊቲ፣ ገላን፣ ዱከም፣ ሰበታ ያሉ ብዙ ፋብሪካዎች እዚህ ይገባሉ። ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ አንድ ለአንድ፣ ከዚያ ትንሽ ቡድን፣ ከዚያ ሙከራ፣ ስብሰባ በመጨረሻ። እኛ ስብሰባውን ከፊት አድርገን ነው የወደቅነው። በሁለተኛው ዙር 1 ሰዓት የሚገባው አንዱ መስመር ብቻ ሆነ፤ እሱም ገላንና ዱከም በሚኖሩ ፈቃደኞች። የጽዳት ሥራው ወደ ማታ ፈረቃ ማብቂያ ተዛወረ። ሌላው በ2 ሰዓት ቀጠለ። ያሰብነውን ያህል ባይሆንም ሥራው ሄደ።

*ጊዜ የለም፤ አንድ ሳምንት ብቻ ነው ያለው።* አምስት ሰው ምረጡ። ሥራው ሲቆም መጀመሪያ የሚታወቅበት ሰው፣ ብዙ የሚያጣ ሰው፣ ሰው የሚሰማው አንጋፋ፣ የማታ ሠራተኛና የግቢው ሠራተኛ ያልሆነ አንድ ሰው። ጥበቃ፣ ሾፌር ወይም አቅራቢ ሊሆን ይችላል። ለአምስቱ ከናንተ የሚሄደው ሁለት ሰዓት ተኩል ነው።

*ሰው የሚቀነስበት ለውጥ።* ይህ ከሌላው ይለያል። ቅነሳ ሲኖር አሠሪው ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከተወካዮች ጋር እንዲመካከር አዋጁ ያዛል። ከዚያ በኋላ የሚነካው ሰው በስብሰባ ላይ አይስማ። ለየብቻ፣ ፊት ለፊት፣ ከቅርብ አለቃው ይስማ። በቴሌግራም የሥራ ስንብት መስማት ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁ። የቀሩትም ሰዎች ለረጅም ጊዜ አይረሱትም።

*እድርና የቁጠባ ማኅበር።* የሰፈራችን እድር የወር መዋጮውን ከጥሬ ገንዘብ ወደ ቴሌብር ሊያዞር ሲያስብ ወጣቶቹ ወዲያው ተስማሙ። ሽማግሌዎቹ ዝም አሉ። ያንን ዝምታ ቀደም ብዬ አውቀዋለሁና ሦስት እናቶችን ቤታቸው ሄጄ ጠየቅኋቸው። አንዷ ስማርት ስልክ የለኝም ብለው ነው የፈሩት። በማንኛውም ስልክ *127# ተብሎ እንደሚሠራ አብረን ሞከርነው። ሌላዋ ግን ያሉት ሌላ ነው፦ «እሑድ መጥቼ ካልከፈልኩ ሰዉን የት አገኘዋለሁ?» ይህ የገንዘብ ጥያቄ አይደለም። ስለዚህ የፈለገ በቴሌብር፣ የፈለገ እሑድ በእጁ እንዲከፍል ተወሰነ። ለእድር ቤት ለቤት መሄድና የእሑዱ ስብሰባ ይበቃሉ።

*ጎረቤት የሚነካ ለውጥ።* የመኪና መግቢያ ስትቀይሩ፣ የማታ ሥራ ስትጀምሩ መጀመሪያ የአካባቢውን ሽማግሌዎች አግኙ። ደብዳቤ በኋላ ይደርሳል። በነሱ ቋንቋ፣ በነሱ ደጅ ይሁን።

የትኛውንም መንገድ ብትመርጡ ከሰማችሁ በኋላ በ10 ቀን ውስጥ አንድ ገጽ ጻፉ። ሦስት ክፍል ይኑረው፦ ምን ሰማን፣ ምን ቀየርን፣ ምን አልቀየርንም። ሦስተኛውን ከነምክንያቱ ጻፉት። ብዙ አስተዳዳሪ የሚዘለው እሱን ነው፤ ሠራተኛው ግን መጀመሪያ የሚያነበው እሱን ነው። በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ አድርጋችሁ በር ላይ፣ ምግብ አዳራሹና ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ለጥፉት። አንድ ቅጂም ለሰርቪሱ ሾፌር ስጡ።